በትንኟ ታምናለህ ወይ?

በጥቅምት አጋማሽ የኔታ ወደምሠራበት ላቦራቶሪ መጡ። ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ዳዊት ያስደገሙኝ፣ ንባብ ስስት በአርጩሜ ያረሙኝ ሰው ናቸው። ለዘመድ ተዝካር ደምቢያ ወርደው ሰንብተው ከተመለሱ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል፤ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። «ንዳድ ሳትሆን አትቀርም፤ እስቲ እይልኝ» አሉ።

ጣታቸውን ወጋሁ፤ የደሙን ጠብታ በመስታወት ላይ በስሱ ቀባሁ፤ በጊምሳ ቀለም ነክሬ አደረቅሁት፤ ዘይት ጠብ አድርጌ ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባሁት። አንድ ሺህ ጊዜ ሲጎላ ቀይ የደም ሕዋስ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሳንቲም ይመስላል። ከሳንቲሞቹ በአንዳንዶቹ ውስጥ ቀጭን ሰማያዊ ቀለበት አለች፤ ቀለበቷ ላይ ደግሞ ቀይ ፈርጥ። ባለ ፈርጥ ቀለበቷ የወባ ተሕዋሲ ናት። በአንዱ ሳንቲም ውስጥ ሁለት ቀለበት ሳይ፣ ፋልሲፓረም የተባለችው የከፋችው ዓይነት መሆኗን ጠረጠርሁ። ወንበሬን ለቀቅሁላቸው። አንድ ዐይናቸውን ጨፍነው ብዙ ቆዩ።

«ይቺ ናት እንግዲህ?»

«አዎን የኔታ። ትንኟ ናት ያመጣችብዎት።»

«ስታመጣ አየሃት?»

«እሱንስ አላየሁም።»

«እንግዲያው በትንኟ ታምናለህ። እኔም ባላየሁት አምናለሁ። ታዲያ ምን ለየን ልጄ?»

የሰጠኋቸው መልስ የማይረባ ነበር፤ «ያ ሌላ፣ ይኼ ሌላ» ዓይነት። መድኃኒታቸውን ይዘው ሄዱ፤ ጥያቄው እኔ ዘንድ ቀረ። ያኔ መመለስ የነበረብኝን አሁን ልሞክር።

ግማሹ ጥፋት የቋንቋችን ነው። አማርኛ «አመነ» በሚለው በአንድ ግስ ላይ ብዙ ጭነት ይጭናል። ተከሳሹ በችሎት ፊት አመነ ሲባል፣ «አድርጌዋለሁ» አለ ማለት ነው። ጎረቤቴን አምነዋለሁ ስል የቤቴን ቁልፍ እተውለታለሁ ማለቴ ነው። «ይመስለኛል» ማለት የሚበቃው ሰው ደግሞ «ነገ ይዘንባል ብዬ አምናለሁ» ይላል። በአንድ አምላክ አምናለሁ የሚለው ምእመን ግን ከእነዚህ አንዱንም አላለም፤ ሕይወቱን የሚያሳድርበትን ነው የተናገረው። ሃይማኖት፣ ምእመን፣ ታማኝ፣ አሜን ሳይቀር ከዚያው ሥር የበቀሉ ናቸው። የኔታ «ታምናለህ» ሲሉኝ ከነዚህ በየትኛው ነበር? እሳቸው የቃል ሰው ናቸው፤ አውቀው እንዳምታቱት እጠረጥራለሁ።

ሌላው ግማሽ ጥፋት የእኛ፣ የተማርን ነን የምንለው ነው። «ሳይንስ የሚታየውን፣ እምነት የማይታየውን» እንላለን። የኔታ በአንድ ጥያቄ ያፈረሱት ይህንኑ ነው፤ ትንኟ ስትነድፋቸው ያየ የለም፤ አቶምንም በዐይኑ ያየ የለም። «ሳይንስ እርግጠኛ ነው» እንላለን፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የኛ ላቦራቶሪ ደሙ ንጹሕ ሲሆን ቅጹ ላይ የሚሞላው «የወባ ተሕዋሲ የለም» ብሎ አይደለም። «አልታየም» ነው የሚለው። አንድ መቶ የመስታወት ቦታ አይቼ ቀለበት ካላገኘሁ የማውቀው አለማየቴን ብቻ ነው፤ ነገ ደግመህ ና የምንለውም ለዚህ ነው። ከዚህ ይልቅ እርግጠኛ የሆነ ንግግር በየታክሲው ይገኛል።

ታዲያ ልዩነቱ የት ነው? ደምቢያ ልውረድ።

ደምቢያ ከጎንደር ከፍታ ሥር እስከ ጣና ዳር የተዘረጋ ሜዳ ነው፤ ክረምት ሲመጣ ውሃ የሚተኛበት። ደገኛው ለሥራ ይወርዳል፣ ሲመሽ ግን ቤቱ መመለስ ይፈልጋል። ቆላ አትደር የሚለውን ምክር ከአያቱ ያልሰማ የለም። ለምን ሲባል ግን አንዱ የረግረጉ አየር ነው ይላል፤ ሌላው የሌሊቱ ብርድ ነው፤ ሌላው እሸት በቆሎና አገዳ ነው። ምክሩ ትክክል ነበር። ምክንያቱ አንዱም ትክክል አልነበረም።

በእሸቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሞኝነት አይደለምና። ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ የተጠራቀመው ውሃ ትንኝ ያፈላል፤ ወባ ይነሣል። በቆሎውም የሚደርሰው በዚያው ወራት ነው። እሸት የበላ ሲንቀጠቀጥ ሰው ያያል። ዐይኑ አልዋሸውም፤ ሁለቱ እውነትም አብረው መጥተዋል። አደይ አበባም ከመስከረም ጋር ይመጣል፤ መስከረምን የሚያጠባው ግን አደይ አበባ ነው የሚል የለም። በወባ ላይ ግን እንዲህ ያለውን ስሕተት የዓለም ሊቃውንት ሁሉ ለዘመናት ሠርተዋል፤ «ማላሪያ» የሚለው ስም ራሱ በጣሊያንኛ ክፉ አየር ማለት ነው። ስሕተቱም በነፃ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1953 ወባ ደምቢያ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። በጎንደር በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ ማለትም የዛሬው ዩኒቨርሲቲ አባት፣ ጤና መኮንን፣ ኮሚዩኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን ማሠልጠን የጀመረው የዚያ ኀዘን ሳይበርድ ነው።

ለዚህ ነገር የጎንደር ልጅ ከቤቱ የሚያመጣው መሣሪያ አለ። አንድምታ። ሊቁ አንዲቱን ቃል ይዞ «አንድም» እያለ ትርጓሜ ይደረድራል። ላይ ቤት የተባለው የትርጓሜ ወገን እንዲህ ይላል፣ ታች ቤት የተባለው እንዲያ ይላል፤ ደቀ መዝሙሩ ሁለቱንም ይይዛል። ሁለተኛው አንድም የመጣው የመጀመሪያውን ሊሽር አይደለም። ምንጩ ጥልቅ ስለሆነ በብዙ እንስራ ይቀዳል፤ አንዱ እንስራ ሌላውን አይሰብርም።

ሳይንስም በአንድም ይጀምራል፤ መላ ምት ይለዋል። ወባ አንድም ከክፉ አየር ነው፤ አንድም ከመጠጥ ውሃ ነው፤ አንድም ከትንኝ ንክሻ ነው። እስከዚህ ድረስ ጉባኤ ቤትና ላቦራቶሪ ወንድማማች ናቸው። የሚለያዩት ከዚህ ቀጥሎ ነው፤ ላቦራቶሪው አንድሞቹን የሚደረድራቸው ሊሰርዛቸው ነው። እያንዳንዱን ለብቻው አቁሞ «ምን ባይ እተውሃለሁ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ጥያቄው ደግሞ ውጤቱ ከመታየቱ በፊት መጠየቅ አለበት። መልስ የሌለው አንድም፣ ምንም ቢመጣ የማይሰረዘው፣ ውሸት ነው አይባልም፤ ከዚህ ጉባኤ ግን ይወጣል።

እንዴት እንደተሰረዙ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1880 ላቬራን የተባለ ፈረንሳዊ የጦር ሐኪም አልጄሪያ ውስጥ በታመመ ወታደር ደም ላይ ተሕዋሲዋን አያት። ደም ውስጥ መኖሯ ታወቀ፤ በየት እንደገባች ግን አልታወቀም። እንግሊዝ አገር የነበረው ማንሰን ትንኝን ጠረጠረ፤ ሆኖም ትንኟ ውሃ ላይ ትሞታለች፣ ሰው ውሃውን ጠጥቶ ይታመማል ብሎ ነበር። ሕንድ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሮናልድ ሮስ ይህንን ሞከረው፤ ትንኝ የሞተበትን ውሃ ሰዎችን አጠጣ። (ዛሬ እንዲህ ያለ ሙከራ ማንም አይፈቅድለትም፤ ደግሞም አይገባም።) መጀመሪያ ላይ አንዱ ጠጪ አተኮሰው፤ ሮስም ደስ አለው። ደጋግሞ ሲሞክር ግን ውጤቱ አልጸናም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያቆምበት ቦታ ነው። አንድ ጊዜ ተሳክቷል! በየመንደሩ «እኔ ራሴ አይቻለሁ» የሚባለው መድኃኒት ሁሉ አንድ ጊዜ የተሳካለት ነው። ሮስ አላቆመም፤ የመምህሩ የማንሰን አንድም ተሰረዘ። በወርኃ ነሐሴ 1897 እ.ኤ.አ. የወባ በሽተኛ ደም የጠጣች ትንኝ ቀዶ በሆዷ ግድግዳ ላይ ተሕዋሲዋ ስታድግ አገኛት። በኖቤል ሽልማት ሮስ በ1902፣ ላቬራን በ1907 ተከበሩ።

ያም ሆኖ አየሩ ገና አልተሰረዘም ነበር። ክርክሩን የጨረሰው እ.ኤ.አ. በ1900 በጣሊያን፣ ከሮም በታች ኦስቲያ አካባቢ በምትገኝ አንዲት ጎጆ የተደረገው ነው። ቦታው በወባ የታወቀ ረግረግ ነበር። ሳምቦንና ሎው የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ከጓደኞቻቸው ጋር በወባው ወራት እዚያ ገቡ። የመከላከያ ኪኒን አልወሰዱም። ቀን ቀን እንደ ልባቸው ወጡ ገቡ፤ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ግን ወደ ጎጆዋ ገብተው ጎህ እስኪቀድ አይወጡም። መስኮቱ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ነው። ያ የተፈራው የሌሊት አየር እንደ ልቡ ይገባል፤ እነሱም ሳንባቸውን ሞልተው ይተነፍሱታል። በመስኮቱ ላይ ያለው ወንፊት መሳይ የሽቦ መረብ ብቻ ነው። መረቡ አየር ያሳልፋል፣ ትንኝ ግን አያሳልፍም።

አየሩ ከሆነ ይታመማሉ። ትንኟ ከሆነች አይታመሙም። አስቀድመው እንዲህ ብለው ገቡ፤ ተፈጥሮ «አይደለም» የምትልበት አፍ ሰጧት። ጎረቤቶቻቸው ሲወድቁ እነሱ አልታመሙም። በዚያው ዓመት የወባ በሽተኛ ደም የጠጡ ትንኞች ከሮም ወደ ለንደን ተላኩ። ረግረግ በሌለበት፣ ክፉ አየር በማይታማበት ከተማ የማንሰን ልጅ በፈቃዱ ተነደፈ፤ ወባ ያዘው፤ ደሙም ውስጥ ተሕዋሲዋ ታየች። በአንድ በኩል አየሩ ያለ ትንኝ፣ በሌላ በኩል ትንኟ ያለ አየሩ። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ አንድ ጥሩ ቅኔ እንደ ሰማ ሰው ፈገግ እላለሁ።

የእውቀት ሌላው ምልክት ያልተጠየቀውንም መመለሱ ነው። ቆላ ማደር ለምን ይከፋል? ትንኟ በሌሊት ትናደፋለች። ደጋ ለምን ይሻላል? ብርዱ ሲበረታ ተሕዋሲዋ በትንኟ ሆድ ውስጥ እድገቷን ሳትጨርስ ትንኟ ትሞታለች። በቆሎው ለምን ተወነጀለ? ወራቱ አንድ ስለሆነ። የአያቶቻችን ምክር ሁሉ በአንድ ክር ላይ ተሰካ። ከዚያም አልፎ ምክሩ የት ላይ እንደሚከዳን ያሳያል። ደጋ የሚያድነው ብርዱ እስካለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ዝናቡ በዝቶ ሙቀቱ ሲጨምር ወባ ከልማዱ ወጥቶ ደጋማ ቦታዎች ላይ ወጣ። በአገሪቱ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፤ 150,000 ያህል ሞተ ተብሎ ተገምቷል። «ደጋ ነን» ማለት ያን ዓመት አላዳነም።

ሐኪም ግን አያምንም ማለቴ አይደለም። ያምናል፣ እንዲያውም አጥብቆ። ጨጓራን ውሰዱ። በርበሬው ነው፣ ጭንቀቱ ነው፣ አሲዱ ነው ሲባል ዘመን አለፈ፤ የሚባለውም በገበያ ብቻ አልነበረም፤ ባክቴሪያ በጨጓራ አሲድ ውስጥ ሊኖር አይችልም የሚሉት ሐኪሞቹ ነበሩ። አውስትራሊያውያኑ ዋረንና ማርሻል ባክቴሪያ ናት ሲሉ የሚሰማቸው አጡ። ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያዋን በፈሳሽ በጥብጦ ራሱ ጠጣት፤ በቀናት ውስጥ ታመመ፤ ጨጓራው መቆጣቱም በምርመራ ታየ። ይህ ብቻውን ቁስሉን አያስረዳም ነበርና ሌሎች ተከትለው መረመሩ፤ ባክቴሪያዋን የገደለ መድኃኒት ቁስሉ እንዳይመለስ ማድረጉ ታየ። በ2005 እ.ኤ.አ. ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ እውቀት ለብሷል ማለት አይደለም። ሥርዓቱ ግን አንድ በጎ ነገር አለው፤ አለቃህን ያሳፈረ ማስረጃ ብታመጣ፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ሽልማቱ ለአንተ ነው።

ወደ የኔታ ጥያቄ ልመለስ፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልመለስሁትምና። ኦስቲያ አልነበርሁም። ትንኝ ቀድጄ አላውቅም። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከመምህራኔና ከመጽሐፍ ነው፤ እሳቸውም የሚያውቁትን ያወቁት ከመምህራቸውና ከመጽሐፍ ነው። እንግዲያው እውነቱን ልናገር፤ አዎን፣ በትንኟ አምናለሁ። የማምናት ግን ቁልፌን ለጎረቤቴ በምሰጥበት ማመን ነው። ጎረቤቴ ቢያጭበረብር የሚታወቅበት መንገድ አለ።

የእኔን ሥራ ተመልከቱ። ካነበብኳቸው መስታወቶች የተወሰኑት ተመርጠው ወደ ሌላ አንባቢ ይሄዳሉ። እኔ ምን እንዳልሁ አይነገረውም። እሱ ያለው ከእኔ ጋር ካልገጠመ ሦስተኛ ያያል። የመጀመሪያ ጊዜ የተሳሳትሁት መስታወት ሲመለስልኝ ፊቴ እሳት ሆነ፤ አለማመናቸው አስቀየመኝ። ቆይቶ ነው የገባኝ። ሰው ሁሉ ይሳሳታል ብሎ የተነሣ ሥርዓት ማንንም አይሰድብም። እኔን የሚያምነኝ በሽተኛ የሚያምነው በእኔ ጨዋነት ላይ ብቻ ሳይሆን፣ እኔ ላይ በተደረደረው ጥርጣሬ ላይ ጭምር ነው።

«ንድፈ ሐሳብ ብቻ እኮ ነው» የሚለውን አባባል በዚሁ ልለፈው፤ ወባ በትንኝ ይተላለፋል የሚለውም አንድ ቀን መላ ምት ብቻ ነበር። ዝርዝሩ ዛሬም ይታረማል። ወባ የገጠርና የረግረግ ነው ተብሎ ሲታወቅ፣ ከእስያ የመጣች ስቴፈንሳይ የምትባል ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሀር ላይ ተገኘች። እሷ ከተማ አትፈራም፤ በርሜልና ሮቶ ውስጥ ትራባለች። ድሬዳዋ ላይ በ2022 እ.ኤ.አ. ለተነሣው ወረርሽኝ ሰበብ ሆናለች። ውሃ በወረፋ የምናጠራቅም ከተሜዎች ክዳኑን እንግጠም።

እስካሁን ስለ እምነት ብዙ አላልሁም፤ ሰው እንደ ሰነፍ ሳይንስ ሲቆጥረው ስለምናደድ ጥቂት ልበል።

ለየኔታ የሰጠኋቸው መድኃኒት ስብ ወይም ዘይት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም በደንብ ይገባል። ይህ በደም ውስጥ ተለክቶ የታወቀ ነው። እሳቸው ደግሞ ጽጌን ጿሚ ናቸው። ጾማቸው ግምት አይደለም። «ብጾም እንዲህ ይሆናል፣ ካልሆነ እተወዋለሁ» ብለው አልገቡበትም። ለልጇ ጤና ለቁስቋም የተሳለች እናትም ስለቷን የምታገባው ውጤት ለክታ አይደለም፤ ቃሏ ስለሆነ ነው። ቃል ኪዳንን «ምን ባይ እተውሃለሁ?» ብሎ መጠየቅ ሙሽራን በሠርጓ ቀን የፍቺውን ቀን እንደ መጠየቅ ነው። ለመላ ምት ድካም የሆነው፣ ምንም ቢመጣ አለመልቀቅ፣ ለቃል ኪዳን ክብሩ ነው። (የኔታን በዘይት የተሠራ ሽሮ ይብሉ አልኳቸው። ሰዓቱስ ሲሉኝ፣ ለበሽተኛ ሥርዓቱ እንደሚፈቅድ እሳቸው ራሳቸው ያስተማሩኝን መለስሁላቸው፤ ሳቁ።)

ከሁለቱም የሚቀላቀል ነገር አለ። ድርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች። ንብ ወጥቶ አባረራቸው ይባላል። ቤተ ክርስቲያኗ መትረፏን ሄዶ ማየት ነው፤ የመላእክቱ ፊቶች ጣሪያው ላይ አሉ። ንብ ወጣ ወይስ አልወጣም የሚለው የታሪክ ጥያቄ ነው፤ በጽሑፍና በምስክር ይመረመራል። ንቡን ማን ላከው? ለዚህ የሽቦ መረብ የሚሆን መስኮት የለም። ሳይንስ ማንም አልላከውም አይልም፤ ሥላሴ ላኩት አይልም። ዝም ይላል፤ ዝምታውን መካድ አድርጎ የሚያነብ ሰው ተሳስቷል።

የሚያሳስበኝ አንድ ብቻ ነው፤ እምነት ወደሚለካው መስክ ሲሻገር። «ጠበል ስለጀመርህ ኪኒኑን ተው» የሚል ሰው ስለ እግዚአብሔር ሳይሆን ስለ ኪኒኑ ነው የተናገረው፤ እሱ ደግሞ ይለካል፣ ሲለካም ሰው እንደሚሞት ታይቷል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ጠበልም መድኃኒትም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት መውሰድም ኃጢአት አለመሆኑን በይፋ ተናገሩ። ድንበሩን ከዚያ ወገን ሆነው አሰመሩት።

የኔታ በሳምንቱ ተመለሱ። ጋቢው ትከሻ ላይ ወርዷል፤ ድምፃቸው የጥንቱ ሆኗል። ሳልጠይቃቸው ጣታቸውን ዘረጉ። መስታወቱን አዘጋጅቼ አየሁ፤ ቀለበት አልታየኝም። እሳቸው ግን ወንበሩን ያዙ።

«ይኸውልህ! እዚህ አለች፤ ሳታያት ቀረህ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሐምራዊ ነጥብ ነው። «የቀለም ዝቃጭ ነው የኔታ።»

«አንተ ስላልህ?»

እጃቸውን ይዤ ትንሿ መዞሪያ ላይ አሳረፍሁት። «ቀስ አድርገው ያዙሩት። ተሕዋሲዋ ሕዋሱ ውስጥ ነው የምትኖር፤ ሕዋሱ ሲጠራ አብራ ትጠራለች፣ ሲደበዝዝ አብራ ትደበዝዛለች።»

አዞሩት። ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ደግሞ ወደፊት። ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር።

«ከላይ ነው የተቀመጠው» አሉ ቀና ሳይሉ። «ሕዋሱ ሲጠራ ይኼ ይጠፋል።» ከዚያም መስታወቱን ገፋ አድርገው ወደሚቀጥለው ቦታ ሄዱ፤ ከኋላቸው ሦስት በሽተኛ ወረፋ እየጠበቀ።